አጽናኞቹን ማን ያስተምራቸዋል?

ባሕር ዛፉ ተላልጦ፣ እንደ ርዝመቱና እንደ ውፍረቱ ተለይቶ ከሚሸጥበት ከአጠና ተራ አንሥቶ እስከ ካራ ቆሬ፣ እስከ ዘነበ ወርቅና እስከ ዓለም ባንክ የተዘረጋው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ጉራጌውና ስልጤው፣ ዶርዜውና ኦሮሞው፣ ዐማራውም ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቆ የሚኖርበት፣ የመስጊዱ አዛንና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በአንድ ማለዳ የሚሰማበት ሰፊ አገር ነው። በብዙው መንደር ቤቱ ጭቃ፣ አጥሩም ቆርቆሮ ስለ ሆነ፣ በአንዱ ቤት ሕፃን ሲደበደብ በሌላው ቤት ቡና ይዞ የተቀመጠው ሰው ይሰማዋል፤ ሰምቶም «ልጁን እየቀጣ ነው» ብሎ ሁለተኛውን ስኒ ይቀበላል። ስለዚህ በሕፃናት ላይ የሚደርሰው በደል ተሰውሮ የሚቀረው ማንም ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው፣ ካወቀ በኋላ ወዴት መሄድና ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚያስረዳው ስለሌለ ነው።

ለዚህ ጉድለት መሙያ ይሆናል ተብሎ የታሰበው የማኅበረሰብ ማእከል፣ ስሙ ሲጠራ ታላቅ ሕንፃ ቢያስመስለውም፣ አንዳንዱ ዕድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን ከሚያኖርበት አዳራሽ የተቆረሰ አንድ ክፍል፣ አንዳንዱ በወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጥግ የቆመ ጠረጴዛ፣ አንዳንዱም አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የተከራየው ግቢ ነው። በደጃፉ የሚደርሱት ሕፃናት ዕጣቸው ልዩ ልዩ ነው። ዘመድ «አስተምራታለሁ» ብሎ ከገጠር አምጥቷት፣ ትምህርት ቤቱን ሳታይ ውሃ ቀጂና ሕፃን አዛይ ሆና የቀረች ልጅ አለች። ከጋሞ ደጋ ለሽመና መጥቶ ከንጋት እስከ ሌሊት ከሸማኔው ጉድጓድ የማይወጣ ልጅ አለ። የእንጀራ አባቱን ዱላ ሸሽቶ በአውቶቡስ ተራ ያደረ፣ አጥፍተሃል ተብሎ በርበሬ የታጠነ፣ ሌላም ሌላም አለ፤ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚሰብረው ግን፣ አባት ወይም አጎት ብላ በምትጠራው ሰው የተደፈረችው ብላቴና ናት።

ሰፈሩ በርኅራኄ ታሪክ ድኻ አይደለም። በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የተሠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፣ ዘመድ ሳይቀር የሸሻቸውን ሕሙማን የተቀበለው በዚሁ ምድር ነው፤ በ1958 ዓ.ም. በዚያው ሥፍራ የተቋቋመው አለርትም ከመነሻው ማከሚያና ማገገሚያ ብቻ ሳይሆን፣ ከመላው አፍሪካ የሚመጡ የጤና ሠራተኞች የሥጋ ደዌን አያያዝ የሚማሩበት ማሠልጠኛ ሆኖ ነበር የተመሠረተው። ይህን የምጠቅሰው ለጌጥ አይደለም። ሕሙማኑን ለመርዳት ደግ ልብ ብቻ እንደማይበቃ፣ ደግነቱም ትምህርት እንደሚሻ፣ ኮልፌ ከስድሳ ዓመት በፊት የተረዳው ነገር ስለ ሆነ ነው። እንደዚሁም እጓለ ማውታ የሆኑ ወንዶች ልጆች የሚያድጉበት የመንግሥት ማሳደጊያ፣ የሴቶቹ በቀጨኔ እንደሆነ ሁሉ፣ የወንዶቹ በኮልፌ መኖሩን አዲስ አበቤ ሁሉ ያውቀዋል። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲያልቁም፣ እህልና ብርድ ልብስ ይዞ የመጣው ሕዝብ ብዙ ነበር። እህልና ብርድ ልብስ ለመስጠት ግን ሥልጠና አያሻም፤ ቤቱ ከነቤተሰቡ በዐፈር ሲዋጥ ያየ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ምን መናገርና ምን አለመናገር እንደሚገባ ለማወቅ ነው የሚያሻው።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገለጥ፣ በማእከሎቹ ዘንድ የተለመደውን ዓይነት ጉዳይ በዓይነ ኅሊና እንመልከት። አንዲት ጎረቤት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የሚሆናትን የቤት ሠራተኛ ልጅ እጇን ይዛ ትመጣለች፤ በልጅቷ አይበሉባ ላይ የጋለ ብረት የነካው የሚመስል ጠባሳ አለ። በማእከሉ ያለችው ሴት ልቧ ይነካል፤ ከወንበሯ ተነሥታ፣ ልጅቷን አቅፋ፣ «ነይ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ፤ እትዬ ናት አይደል ያቃጠለችሽ?» ትላታለች። ልጅቷ ራሷን ትነቀንቃለች። «ለማንም አልናገርም፣ ንገሪኝ» ይከተላል። ከዚያም ሴትዮዋ የዕድሩን ሊቀመንበር ትጠራለች፤ ጋሼም መጥተው ልጅቷን እንደገና ያስነግሯታል፤ አሠሪዋም ትጠራለች፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ይቅርታ ይወርዳል፤ ማታ ልጅቷ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፉ ያሰበ ሰው የለም። ዳሩ ግን «እትዬ ናት አይደል» የሚለው ጥያቄ መልሱን አዝሎ ስለ መጣ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ የተከሳሽ ጠበቃ «ይህን ቃል ማን አስተማረሽ?» ብሎ ምስክርነቷን ይጥልበታል፤ የማይጠበቀው የምስጢር ቃል ኪዳን በበነጋው ሲፈርስ ልጅቷ ዳግመኛ አዋቂ አታምንም፤ ሽምግልናውም ለበዳዩ መሸፈኛ ይሆናል።

የሠለጠነችው ሠራተኛ ሌላ መንገድ ትሄዳለች። ከጠረጴዛዋ ጀርባ ወጥታ ከልጅቷ ጋር በሚተካከል ዱካ ላይ ትቀመጣለች፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች፤ ሻይና ዳቦ ታስመጣለች፤ ስለ ስሟና ስለ አገሯ፣ ስለ እኅት ወንድሞቿም ታጫውታታለች። ቆይታም «እጅሽ ምን ሆነ?» ብላ ጠይቃ ዝም ትላለች። ይህ ዝምታ በሥልጠናው ሁሉ ውስጥ እጅግ አስቸጋሪው ትምህርት ነው፤ ሰው ሲጨንቀው ዝምታውን በምክርና በ«አይዞሽ» መሙላት ይወድዳልና። ልጅቷ በመጀመሪያ «ብረት ድስት ነክቶኝ ነው» ትል ይሆናል፤ ሠራተኛዋ አትከራከራትም፣ ቃሏንም አታቃናላትም፤ ልጅቷ የተናገረችውን በልጅቷ አነጋገር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራ ትጽፋለች። ምስጢርንም በሚመለከት «ይህን ነገር የምነግራቸው አንቺን ሊረዱ የሚችሉ ሰዎች አሉ፤ ለሰፈር ግን አይወራም» ትላታለች። የምታውቀው ጥቂት ነው ቢባልም፣ የምታውቀውን ገደብ ታውቃለች፤ እርስዋ መርማሪ ፖሊስ አይደለችም፣ ዳኛም አይደለችም፤ ሕፃኑ ወደነዚህ ሰዎች ሳይጎዳ የሚሻገርባት ድልድይ ናት።

ጥቃቱ መደፈር ከሆነ ደግሞ ጊዜው ራሱ ባላጋራ ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ሊጀመር የሚችለው ጥቃቱ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ቢሆን ቶሎ የተጀመረው ይሻላል። እናት ልጇን ከማጠቧ፣ ልብሷንም ከመዘፍዘፏ በፊት የሚነግራት ሰው ካገኘች ማስረጃው ይተርፋል፤ ልብሱም በፌስታል ታፍኖ እንዳይበላሽ በወረቀት ተጠቅልሎ ይያዛል። ማጠቡ ግን የእናት ጥፋት ተብሎ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ የቆሰለ ልጅን ማጠብ ተፈጥሮ ያስተማራት ነውና። እናቲቱ ከኮልፌ ተነሥታ፣ ታክሲ ቀያይራ፣ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ብትደርስ፣ ሐኪሙና የሥነ ልቦና አማካሪው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ሥፍራ የሚገኙበትን የአንድ ማእከል አገልግሎት ታገኛለች። ይህን የማያውቅ ማእከል ግን መጀመሪያ ወደ ወረዳ፣ ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይልካታል፤ ሰዓቱም ይሄዳል።

ሕፃኑ ታሪኩን ለብዙ ሰው እየደጋገመ መናገሩ ራሱ ሁለተኛ ቁስል መሆኑን ዓለም የተረዳው ብዙ ቆይቶ ነው። በዴንቨር ከተማ ይኖር የነበረው የሕፃናት ሐኪም ሄንሪ ኬምፕ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1962 ስለተደበደቡ ሕፃናት የጻፈውን ጥናት ከማሳተሙ በፊት፣ ሐኪሞች በራጅ ላይ አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ የሆነ ስብራት እያዩ እንኳ ወላጅ ይህን ያደርጋል ብለው ለማመን ይቸገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በአላባማ ግዛት በሀንትስቪል ከተማ ዐቃቤ ሕጉ በድ ክሬመር፣ ሕፃኑ ከቢሮ ወደ ቢሮ ከሚንከራተት ባለ ሥልጣኖቹ ወደ ሕፃኑ ቢመጡ ይሻላል ብሎ አንድ ቤት አዘጋጀ፤ አይስላንድም እ.ኤ.አ. በ1998 «የሕፃናት ቤት» ብላ የራሷን ሠራች፤ የአውሮፓ አገሮችም ተከተሏት። በእኛም አገር በልደታው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት የተመቸ ችሎት ተቋቁሞ፣ ሕፃኑ በሌላ ክፍል ተቀምጦ በካሜራ ይታያል እንጂ ከበዳዩ ፊት አይቆምም፤ የዳኛውንም ጥያቄ በሕፃን ቋንቋ የሚያቀርብለት ባለሙያ አለ። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሕፃኑ ከዚያ ችሎት ከመድረሱ በፊት በሰፈሩ ማእከል ቃሉ ተበላሽቶ ከሆነ፣ ካሜራው የሚያሳየው የተበላሸውን ቃል ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የሚለው ብዙ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በኅዳር 11 ቀን 1982 ዓ.ም. ጸደቀ፤ በዚያው ዓመት የአፍሪካ መሪዎች በዚህችው በአዲስ አበባ የአፍሪካን የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር ተቀበሉ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 10 የሕጓ አካል አደረገችው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት የአካል ቅጣት እንዳይደርስባቸው ደነገገ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ13 ዓመት በታች የሆነችን ሕፃን የደፈረ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ያዝዛል፤ ሕፃንን ማሠቃየትንም በአንቀጽ 576 ይከለክላል። ይሁን እንጂ ያው አንቀጽ ወላጅ ተገቢ የሆነ ቅጣት የመስጠት መብቱን ሳይነካ ስለሚተው፣ በሥልጠና አዳራሽ አንድ አባት ብድግ ብሎ «እንግዲያውስ ልጄን አልገሥጽ?» ሲል አሠልጣኙ መልስ ያጥረዋል። አለንጋና ግዝት አብረው ባደጉበት አገር፣ የመጽሐፈ ምሳሌንም የበትር ቃል በቃሉ የማያውቅ በሌለበት አገር፣ ተግሣጽና ግፍ የሚለያዩበትን ድንበር ማስተማር በአንድ ቀን ንግግር የሚፈጸም አይደለም፤ እንዲያውም አባትየው ጥያቄውን ደፍሮ መጠየቁን እንደ መልካም ጅምር ልንቆጥርለት ይገባል።

የማስተማሩ ነገር በአገራችን ያለፈበት መንገድ የተቋረጠና ያዘገመ ነው። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ በደርግ ዘመን ተዘጋ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ መልሶ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በዚህ በሠላሳ ዓመት ክፍተት ድርቁ፣ ጦርነቱ፣ ስደቱና ኤች አይ ቪ ኤድስ ተደራርበው ሲመጡ፣ ሙያው የሚጠይቀውን ሥራ የሠሩት ሙያውን ያልተማሩ ደጋግ ሰዎች ነበሩ። በረኃብ ዘመን እጓለ ማውታ ሕፃናትን ሰብስበው ማሳደግ የጀመሩት፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት እመት አበበች ጎበና ከእነርሱ ዋነኛዋ ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ፣ የጎዳና ልጆችን ጉዳይ ይዞ የተነሣው፣ በምሕጻረ ቃል ኤፍ ኤስ ሲ ኢ የሚባለው አገር በቀል ድርጅት ከአዲስ አበባ ፖሊስ ጋር ተባብሮ በፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎችን አቋቋመ፤ ፖሊሱንም አሠለጠነ፤ የተበደለውም ያጠፋውም ሕፃን ከጎልማሳ እስረኛ ተለይቶ የሚሰማበት ቦታ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ በዚህ ሥራ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስቆጨው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከመቶ ዐሥር በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ፤ እንዲህ ያለው ድርጅት ለተደበደበ ልጅ ዳቦ ሊሰጥ ይችላል፣ ልጁ እንዳይደበደብ መብት አለው ብሎ ማስተማር ግን አይችልም ማለት ነው። በአዋጁ መሠረት የወጣው የሰባ ሠላሳ መመሪያ ደግሞ፣ ለአስተዳደር የሚውለው ወጪ ከመቶ ሠላሳ እንዳያልፍ ሲወስን፣ ለሥልጠና የሚወጣውን ብዙ ወጪ ከአስተዳደር ወጪ ጋር ደመረው። ገንዘቡን በሚቆጣጠሩት ዓይን የአሠልጣኙ አበልና የሠልጣኙ ትራንስፖርት ከመኪና ነዳጅና ከቢሮ ኪራይ ጋር በአንድ መደብ ተጻፈ። እህልና ደብተር ማደል ሥራ፣ ሰውን ማሠልጠን ግን ብክነት መሰለ። የመመሪያው ዓላማ ገንዘቡ ለተረጂው እንዲደርስ ነበረና ዓላማውን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ለተደፈረች ልጅ የሚደርሳት ርዳታ በኩንታል የሚመዘን አይደለም፤ የሚያዳምጣትና የሚያክማት ሠራተኛ ዕውቀት ራሱ ርዳታው ነው። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሮ፣ የሕፃናት መብት ሥራ ለሁሉም ተከፍቷል፤ የአስተዳደር ወጪውም ትርጉም ጠብቧል። ዐሥር ዓመት ሙሉ የላላ ሥራ ግን በአዋጅ መለወጥ ብቻ በአንድ ጊዜ አይጠብቅም።

ሥልጠና ሲባል ግን ምን ዓይነት ሥልጠና? ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጦ፣ አበል ተቀብሎ፣ ሰርተፍኬት ይዞ መመለስ ከሆነ፣ ጥቅሙ ሰርተፍኬቱን በግድግዳ ከመስቀል ብዙም አያልፍም። በስላይድ ላይ የተጻፈው «ሕፃኑን አዳምጡ» የሚለው ቃል ልክ ነው፤ ዳሩ ግን ሠራተኛዋ በሰኞ ጧት ከእውነተኛው ሕፃን ፊት ስትቀመጥ ስላይዱ አይረዳትም። የሚረዳት፣ በየሳምንቱ ወይም በየዐሥራ አምስት ቀኑ መጥቶ መዝገቧን አብሯት የሚያይ፣ «ይህን ለምን ጠየቅሽው? ይህንስ ለምን አልላክሽም?» የሚላት የበላይ ባለሙያ ነው፤ ይህን በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ድጋፋዊ ክትትል ይሉታል። በተጨማሪም የሚቆለፍ መዝገብ ማኖሪያ፣ የስልክ ካርድ፣ ልጅን ወደ ሆስፒታል የምታደርስበት የታክሲ ገንዘብ፣ ሌሊት የመጣ ልጅ የሚያድርበት መጠለያ አድራሻ ያስፈልጋታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተውን የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን የመሰሉ መጠለያዎች ለሴቶችና ለልጃገረዶች በራቸውን ከፍተዋል፤ ለወንድ ልጅ ግን፣ በተለይ ለተደፈረ ወንድ ልጅ፣ የሚሆን ቦታ ማግኘት እስካሁን አስቸጋሪ ነው። ወንድ ልጅ ይደፈራል ብሎ አፍ አውጥቶ ለመናገር እንኳ ሰው ያፍራል፤ በዚህም ምክንያት ወላጅ ከሴት ልጁ ይልቅ የወንድ ልጁን ጉዳት ይሸሽጋል።

የረዳቶቹንም ነፍስ መርሳት አይገባም። ቀኑን ሙሉ የሕፃናትን መከራ ስትሰማ የዋለች ሴት ማታ ወደ ልጆቿ ስትገባ የሰማችውን በደጅ ጥላው አትገባም፤ እንቅልፍ ይነሣታል፣ ባሏንና ወንድሟን ሳይቀር በጥርጣሬ ዓይን ማየት ትጀምራለች። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ራሳቸው በልጅነታቸው የተበደሉ ናቸው፤ ወደዚህ ሥራ የጠራቸውም ይኸው ቁስል ነው። ስለዚህ ሸክማቸውን የሚያወርዱበት፣ ከእኩዮቻቸው ጋር በምስጢር የሚነጋገሩበት ሰዓት ከደመወዛቸው ጋር አብሮ ሊታሰብላቸው ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ሥልጠናውን የሚያቅዱ ሰዎች አብዝተው የሚያልፉት ስለ ሆነ ነው። የተዋሕዶ አማኝ ቤተሰብ በጠቅላላው ለማለት ይቻላል የንስሐ አባት አለው፤ እኒህ ካህን ጠበልና መስቀል ይዘው እስከ ጓዳ ይገባሉ፤ የባልንም የሚስትንም ምስጢር ይሰማሉ። በሙስሊሙ ቤት ሼኹ፣ በሁለቱም ቤት የዕድሩ ዳኛ ተመሳሳይ ክብር አላቸው። ፖሊስ ሊገባበት በማይችለው ቤት የሚገቡት እነርሱ ሆነው ሳለ፣ የሕፃን ጉዳይ ሲመጣባቸው የሚያውቁት መሣሪያ ማስታረቅ ብቻ ነው። ባልና ሚስትን ማስታረቅ ምግባረ ሠናይ ነው፤ የደፋሪንና የተደፈረች ሕፃንን አባት በካሳ ማስታረቅ ግን ወንጀል መሸሸግ ነው። ይህን ልዩነት ለካህኑና ለሼኹ፣ ለዕድሩም ዳኛ በአክብሮትና በራሳቸው አነጋገር የሚያስረዳ ሰው ሲገኝ፣ አንድ ማእከል በመንደሩ ውስጥ ብዙ በር ይከፈትለታል። የንስሐ ምስጢር የተጠበቀ መሆኑን ማንም አይቃወምም፤ ካህኑ ግን ምስጢሩን ሳያወጡ ለእናቲቱ «ልጅሽን ወደዚያ ማእከል ውሰጃት» ማለትን የሚከለክላቸው ቀኖና የለም።

የቀረው የገንዘብና የጊዜ ጉዳይ ነው፤ እርሱም ቀላል አይደለም። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የርዳታ ሰጪዎቹ ውል ብዙ ጊዜ በፈረንጆች ጥር ተጀምሮ በታኅሣሣቸው ያበቃል፤ የሕፃኗ ክስ ግን ከሁለቱም ይረዝማል። ምስክር ጠፍቶ፣ ቀጠሮ ተላልፎ፣ የሐኪም ማስረጃ ዘግይቶ ፍርዱ ሲጓተት፣ ልጅቷን ከመጀመሪያው ቀን ያዳመጠቻት ሠራተኛ ውሏ አልቆ ወደ ሌላ ድርጅት ወይም ወደ ዐረብ አገር ሄዳ ይገኛል፤ በእርሷም ፋንታ የተቀጠረችው ሠራተኛ መዝገቡን ገልጣ ስታይ፣ ያለፈው ቀጠሮ ለምን እንደተላለፈ የሚነግራት ሰው አታገኝም። ልጅቷም፣ ማእከሉ ከሚገኝበት ግቢ ደጅ ቆማ፣ ያቺን የለመደቻትን ሴት ስም ትጠይቃለች። ስለዚህ ከማንኛውም አዲስ ማኑዋልና ከማንኛውም የሆቴል ሥልጠና በፊት፣ አንዲት የሠለጠነች ሠራተኛ በአንድ የኮልፌ ወረዳ ቢያንስ አንዲት ሕፃን ከአቤቱታ እስከ ፍርድ፣ ከፍርድም በኋላ ወደ ትምህርት ቤት እስክትመለስ የሚፈጀውን ያህል ዘመን በአንድ ወንበር ላይ ልትቆይ የምትችልበት ደመወዝ በክፍለ ከተማው መዝገብ ውስጥ በቋሚነት ቢጻፍ ይበጃል።